ሁለቱ ጥቁር ገመዶች

የእኔን ስም አልጽፍም። የሚያውቁኝ ያውቁኛል፤ ለማያውቁኝም አይጠቅማቸውም። የባሌን ታላቅ ወንድም ስም ግን እጽፋለሁ። በቀለ ይባላል። ዲላ ውስጥ ጋራዥ አለው፣ በቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፣ ሲጸልይ ድምፁ ያምራል። ስለ እሱ የሚወራውን ጥሩ ነገር ሁሉ ተቀምጬ ስሰማ ኖሬያለሁ። ዛሬ ደግሞ እኔ ላውራ።

ነገሩ በሆነበት ጊዜ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ባሌ ለማ ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎታል። ጋራዡን ያቋቋሙት ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው፤ ሞተሩ የእነሱ፣ የመኪና ኤሌክትሪኩ ግን የእኔ ሥራ ነበር። ያስተማረኝ ለማ ነው። እጄ ትንሽ ስለሆነ የወንድ እጅ የማይደርስበት ይደርሳል። ከሃያ ዓመት በላይ ከዳሽቦርድ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ገመድ ስፈትሽ ኖሬ፣ ደንበኛ ሲመጣ በቀለ ምን ይል እንደነበር ልንገራችሁ? "የለማ ሚስት ናት፤ ምሳ ልታደርስ መጥታ ነው።"

ለማ በሞተ በዓመቱ ገደማ በቀለ የቤተሰቡን ፒክአፕ የኋላ ጭነት ማስቀመጫ በየደ። የባትሪውን ገመድ ሳይነቅል በየደ። በዚያው የሞተሩ ኮምፒውተር ተቃጠለ። ይህን ስህተት ጀማሪ እንኳ አይሠራውም። ታዲያ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሲጠይቁት "ያቃጠለው እሷ ያሰረችው ገመድ ነው" አላቸው። እኔም "ባትሪው ተነቅሎ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁት" አልኩ። አንደኛው ሽማግሌ ፈገግ ብሎ "እህታችን፣ ሐዘን ላይ ነሽ፤ ትንሽ ዕረፊ" አለኝ። የጋራዡን ቁልፍ ከእጄ ተቀበሉኝ። እኔን ያባረሩኝ ዕረፊ ብለው ነው።

ለፒክአፑ የፋብሪካው ዓይነት ኮምፒውተር ተፈልጎ ጠፋ። በመጨረሻ በቀለ ከአዲስ አበባ ሌላ አስመጣ፤ ለየትኛውም ሞተር እንዲሆን የተሠራ፣ ስለሚያዘው ሞተር ግን ምንም የማያውቅ ባዶ ኮምፒውተር። ሁሉን ነገር የሚነግረው የሚገጥመው ሰው ነው። ከሐዋሳ አንድ ባለሙያ ላፕቶፑን ይዞ መጣ፤ አስተካክሎ፣ አስነስቶ፣ አስሮጦ ፈትሾ ሄደ። የእሱ ሥራ ንጹሕ ነበር። ያበላሸው በቀለ ነው። ባለሙያው ከሄደ በኋላ ኮምፒውተሩን ሌላ ቦታ ላድርገው አለ፤ የክራንክ ሴንሰሩ ገመድ አጠረበት፤ ቆርጦ በሌላ ገመድ ቀጠለው። ይህን እንዴት እንዳወቅሁ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

መካኒክ ላልሆናችሁ ላስረዳ። ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ ክራንክ ይባላል። በጫፉ ላይ ጥርሳም ክብ ብረት ታስሯል፤ አንዱ ጥርስ ሆን ተብሎ ጎድሏል። አጠገቡ ያለው ሴንሰር ጥርሶቹ ሲያልፉ ይቆጥራል፤ የጎደለው ቦታ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ሞተሩ የት እንዳለ ያውቃል፣ ካንዴላውም በሰዓቱ እሳት ይሰጣል። ሌላ ሴንሰር ደግሞ ቫልቮቹን በሚከፍተው ዘንግ፣ በካሙ ላይ አለ። ክራንኩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካሙ አንድ ጊዜ ስለሚዞር፣ የትኛው ዙር እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። የካሙ ሴንሰር መሰኪያ በአንድ በኩል ብቻ ስለሚገባ ሰው አይሳሳትበትም። የዚያ መኪና የክራንክ ሴንሰር ግን ሁለት ገመድ ነበረው፤ ሁለቱ ከተገለባበጡም ሞተሩ ይነሳል። ቀስ ብሎም ይሠራል። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ሲጮህ ቆጠራው ይዛባል፣ ኮምፒውተሩ ሞተሩ የት እንዳለ ይጠፋዋል፣ መኪናው ይጠፋል። ከተማ ውስጥ ሲንሸራሸሩ አይታወቅም። ዳገት ላይ ይታወቃል።

ልጄ ማርታ ከይርጋጨፌ ወዲያ ባንኮ ጎቲቲ የሚባል ገጠር መምህርት ናት። ባሏ ታሪኩ እዚያው ተወልዶ ያደገ፣ ቡናና እንሰት ያለው የጌዴኦ ልጅ ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው ሊወለድ ሲቃረብ ሄጄ አብሬያቸው ሰነበትኩ። ምጡ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጀመራት፤ ሌሊቱም በዚያው አለፈ። ሲነጋ ጉልበቷ አልቆ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጥታ ሆዷን ዳሰሰችና ወደ ውጭ ጠራችኝ።

"እማማ፣ የልጁ አቀማመጥ ትክክል አይደለም። ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል። ዲላ ትድረስ፤ አሁኑኑ።"

አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ርቆ ሄዶ ነበር። ዝናቡ ሁለት ቀን ስላላቋረጠ በአካባቢው የሚሠሩት መኪኖች ወደ ላይ አይወጡም። ስልኬን አንስቼ ዓመት ሙሉ ያልደወልኩበትን የበቀለን ቁጥር ደወልኩ።

"ጋሼ፣ ማርታ ምጥ ላይ ናት። መኪና የለም።"

"መጣሁ" አለ።

መጣም። ይህን አልክደውም። በረፋዱ ፒክአፑ ከነጭቃው ግቢያችን በር ላይ ቆመ። በቀለ ወርዶ ኮፈኑን መታ መታ አደረገና "መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ። ቤንዚኑ ቆሻሻ አለው መሰለኝ" አለ።

እኔ ይህን ስሰማ ኮፈኑን አየሁት። አፌን ግን አልከፈትኩም።

ማርታን ከኋላ ፍራሽ አንጥፈን አስተኛናት፤ ሸራ ከላይ ወጠርን። ታሪኩ ራሷን ጉልበቱ ላይ አደረገ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም አብራን ወጣች። እኔ ከፊት ከበቀለ ጎን ተቀመጥኩ። ወደ ይርጋጨፌ ከሚያወጣው አስፋልት ለመድረስ አንድ ረጅም ዳገት መውጣት አለብን። ከዚያ ወዲያ ያለው ቀላል ነው።

ዳገቱ መሃል ላይ ጎማውን ጭቃ ያዘው። በቀለ ቤንዚን ሰጠው፤ ሞተሩ ጮኸ፣ አነጠሰ፣ ጠፋ። አስነሳው፤ ተነሳ። ትንሽ ሄደ። ጭቃው ሲከብደው ቤንዚን ሰጠው፤ ጠፋ። ደግሞ አስነሳው። ደግሞ ጠፋ።

"ቀስ ብለው ቢሄዱስ?" አለ ታሪኩ ከኋላ።

"ቀስ ካልኩ ጭቃው አያስወጣኝም፤ ከፈጠንኩ ይጠፋል። ምን ላድርግ?" አለ በቀለ። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። የቤንዚኑን ማጣሪያ ፈታ፣ በአፉ ነፋው፣ መልሶ አሰረው። ቱቦውን ፈታ፣ ነፋው። እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ማርታ ከኋላ "እማዬ… እማዬ…" ትላለች። እሷ በጠራችኝ ቁጥር የበሩን እጀታ እይዝና መልሼ እለቀዋለሁ።

አሁን ቆይቼ እነግራችኋለሁ ያልኩትን ልንገራችሁ።

ከሦስት ሳምንት በፊት የለማን የመሣሪያ ሣጥን ልወስድ ጋራዥ ሄጄ ነበር። በቀለ ፒክአፑ ውስጥ አጎንብሶ የክራንክ ሴንሰሩን ገመድ እየቀጠለ ነው። ከሴንሰሩ የሚመጡት ሁለት ገመዶች ጥቁር ናቸው፤ የሚቀጥልበትም ጥቁርና ጥቁር ነው። ምልክት የለ፣ ወረቀት የለ። አንዱን ካንዱ አጣመመ፣ ሌላውን ከሌላው አጣመመ፣ ፕላስተር ጠመጠመበት። ልናገር አፌን ስከፍት ቀና ብሎ አየኝ።

"ምን ቀረሽ? ዕቃሽን ከያዝሽ ውጪ።"

ወጣሁ። መንገድ ላይ ምን እያልኩ እንደሄድኩ አስታውሳለሁ። ይሂድ አልኩ። ደንበኛ ጭኖ ዳገት ላይ ይቁም። ሰው ሁሉ እያየው ይቁም። ያኔ ማን ገመድ እንደሚያውቅ ይታያል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያቺን ቀን ስጠብቅ ነበር። ቀኗ መጣች፤ የተጫነችው ግን ልጄ ነች።

ዳገቱ ላይ ወዲያው ያልተናገርኩትም ለዚህ ነው። ከተናገርኩ "መቼ አወቅሽ?" እባላለሁ። እሱ ማጣሪያ ሲነፋ እኔ "ምናልባት ቤንዚኑ ይሆናል፤ ጌታ ሆይ፣ ቤንዚኑ ይሁን" እያልኩ ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደዚያ ተቀምጫለሁ። ይህንንም ቁጠሩብኝ።

ከእንሰቱ ውስጥ ገበሬዎች ወጥተው መጡ፤ ሰባት ስምንት ይሆናሉ። ከኋላ ገፉ። እግራቸው ጭቃው ውስጥ እየገባ አንድ ሰውዬ "ይቺ መኪናም ምጥ ይዟታል" አለ። ማንም አልሳቀም፤ ራሱም አፈረ። መኪናው ጥቂት ሜትር ወጣ፤ ጮኸ፤ ጠፋ።

"እማማ! ማርታ ዝም አለ! ዝም አለ እኮ!" ብሎ ጮኸ ታሪኩ። ሲደነግጥ አማርኛው ይደባለቅበታል። ዘልዬ ወረድኩ። የማርታ ከንፈር ነጥቷል፤ ዓይኗ ተከፍቶ አያይም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክንዷን ይዛ ትቆጥራለች፤ ወደ እኔ ቀና ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ዞሬ ወደ ሞተሩ ሄድኩ።

"ቤንዚኑ አይደለም" አልኩ። "የክራንክ ሴንሰሩ ነው።"

በቀለ በቤንዚን የራሰ አፉን ጠረገ። "ሴንሰር! እንዲያው ዛሬም አለሽበት። ለማ ሥራ ፈትቶ ያስተማረሽ…"

"ጋሼ፣ ገመዱን ሲቀጥሉ የትኛው ከየትኛው እንደሆነ ምልክት አድርገው ነበር?"

"አድርጌያለሁ።"

"በምን?"

"በእርሳስ።"

"ጥቁር ገመድ ላይ በእርሳስ?"

ወደ ማጣሪያው ዞረ። ገበሬዎቹ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ያያሉ። ነገሩ ምን እንደሚያስጨንቅ ተረዱልኝ። እኔ ጋራዥ ከመድረሴ በፊት እውነት ምልክት አድርጎ ከሆነ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው፤ እኔ ያንን ገመድ ቆርጬ ከገለበጥኩት ጭራሽ ያበላሸሁት እኔ እሆናለሁ። እዚያ ጭቃ ላይ ደግሞ ሁለተኛ ሙከራ የሚሆን ትርፍ ገመድ የለም።

ለሠላሳ ዓመት ጋሼና እርስዎ ስለው የኖርኩትን ሰው ሸሚዙን ያዝኩት።

"በቀለ! ልጄ እየሞተች ነው። ምልክት አድርገሃል ወይስ አላደረግህም?"

ወደ ኋላ፣ ወደ ሸራው አየ። ከእኔ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ "ገመትኩ" አለ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ምላጭና ፕላስተር ለመንኳት። ለእትብት መቁረጫ የያዘችውን አዲስ ምላጭ ከነወረቀቱ ሰጠችኝ። ኮፈኑ ሥር ገባሁ። ዝናቡ ጀርባዬ ላይ ይወርዳል። ገመዱ ከካንዴላ ገመዶቹ ጋር ተጠቅልሎ ታስሯል፤ ያም ራሱ ጥፋት ነው፣ የካንዴላ እሳት ቆጠራውን ይረብሻል። ነጥዬ ወደ ጎን አወጣሁት። ፕላስተሩን ገፈፍኩ። ሁለት ጥቁር ገመድ፣ ሁለት ቋጠሮ።

ከኋላዬ በቀለ እጁን መኪናው ላይ ጫነና "ወንድሞች፣ እንጸልይ" አለ። ገበሬዎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የእሱ ጸሎት ከፍ ሲል እኔ ምላጩን በጥርሴ ነክሼ ቋጠሮውን እፈታ ነበር። አልጸለይኩም። "ይቺ ወደዚያ፣ ያቺ ወደዚህ" እያልኩ ለራሴ ነበር የምደግመው። አንዱን ገመድ ወደ ሌላው፣ ሌላውን ወደዚያኛው አዛውሬ አጣመምኩ። በቁስል ፕላስተር ለየብቻ ጠመጠምኳቸው።

"አስነሳ!"

ማስነሻው ሞተሪኖ ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ። ሞተሩ አልተነሳም።

በቀለ አንገቱን በመስኮት አወጣ። "ምን አደረግሽው? ቅድም እኮ ይነሳ ነበር! ጨረሽኝ!"

ዓይኔ ጨለመ። ማየት እስኪያቅተኝ ጨለመ። ከኋላ ታሪኩ በጌዴኦኛ የሚለው አልገባኝም፤ ግን እንደሚያለቅስ ገባኝ። እጄን መልሼ አስገባሁ፤ በጣቴ ብቻ ፈለግኩ። በገመዶቹ ዙሪያ የሚጠመጠመው ቀጭን የሽቦ መረብ አንዱ ጫፉ ከቋጠሮው ጋር ተነካክቶ የሴንሰሩን ቆጠራ ዘግቶታል። በጥፍሬ ለየሁት፤ ጥፍሬ ተሰነጠቀ። የተረፈችኝን ፕላስተር መሃላቸው አስገባሁ።

"ድገመው!"

ተነሳ።

"ቤንዚን ስጠው!"

"ይጠፋል!"

"ስጠው አልኩህ!"

ሰጠው። ሞተሩ ጮኸ። ጮኸ፤ አላነጠሰም፤ አልጠፋም። ገበሬዎቹ "ሃሌሉያ!" ብለው ከኋላ ተደገፉበት፤ ፒክአፑ ጭቃውን እየተፋ ወጣ። እኔ እየሮጥኩ ከኋላ ተንጠለጠልኩ። ከዚያ እስከ ዲላ አንድ ጊዜም አልቆመም።

ሆስፒታል ስንደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ማርታን እየሮጡ አስገቧት። እኔ፣ በቀለና ታሪኩ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን፤ ማንም ማንንም አላየም። በመጨረሻ አንድ ወጣት ሐኪም ወጣ።

"እናትየው ተርፋለች" አለ። ቀጥሎ ዝም ሲል ገባኝ። ሕፃኑ ወንድ ነበር። አላለቀሰም።

ሐኪሙን ተከትዬ ኮሪደሩ ላይ ያዝኩት። "ልጄ፣ ሁለት ሰዓት ቀድመን ብንደርስ ኖሮስ?"

ቆሞ አየኝ። "እማማ፣ ይህን አይጠይቁኝ" አለ። እኔ ግን መልሱን ሰማሁት።

ከወር በኋላ ማርታ በእግሯ ቤተ ክርስቲያን መጣች። በቀለ ለምስክርነት ወጣ። ዝናቡን ተናገረ፣ ጭቃውን ተናገረ፣ "መኪናው አልነሳ አለ፤ እጃችንን ጭነን ጸለይን፤ ጌታ አስነሳው" አለ። ሕዝቡ እልል አለ። ሴቶቹ እኔን እያቀፉ አለቀሱ። ስለ ገመዱ አንድ ቃል አልተነሳም። "ገመትኩ" ያላት ቃልም አብራ ተቀበረች።

ተነስቼ ልናገር ነበር። መቀመጫዬ ጫፍ ድረስ ተስቤያለሁ። ግን ስለ ገመዱ ከተናገርኩ አንድ ሰው "አንቺ በምን አወቅሽ?" ይለኛል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በቀለ ያቺን ቃል እንደደበቀ፣ እኔም የእኔን ደብቄያለሁ። እሱ መገመቱን፣ እኔ ማየቴን። ለእሱ ወንድም፣ ለእኔ ባል ከነበረው ከለማ ይልቅ ሁለታችንን ያስተሳሰረን ያ ገመድ ሆነ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

በቀለን ይቅር አላልኩትም። እንዲህ ያለ ነገር ስታነቡ መጨረሻው ላይ ይቅርታ የምትጠብቁ ካላችሁ አዝናለሁ። ባትሪ ሳይነቅል በይዶ በእኔ አሳበበ፤ ሳያውቅ ቀጥሎ አውቃለሁ አለ፤ ይህ የእሱ ነው። ሦስት ሳምንት አውቄ ዝም ማለቴ ግን የእሱ አይደለም። የበደለኝ ሰው ሲወድቅ ማየት ፈልጌ ነበር፤ ከማን ጋር እንደሚወድቅ አልጠየቅኩም። እናንተም ቂም የያዛችሁበት ሰው ሲሳሳት አይታችሁ ዝም ብላችሁ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ሂዱና ንገሩት። ይስደባችሁ። ያባርራችሁ። በር ላይ ቆማችሁ ጮክ ብላችሁ ተናገሩና ሂዱ።

ዛሬ ከአስፋልቱ ዳር የራሴ ትንሽ ቤት አለችኝ፤ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ሁለት ገመድ አንድ ዓይነት ቀለም ሆኖ ካገኘሁ አንዱን በማርታ ቀይ የጥፍር ቀለም ሳልቀባ አልነካም። ሾፌሮች ይስቁብኛል። የሌላ ሰው ሥራ ላይ ጥፋት ሳይም እናገራለሁ፤ ለዚህ ብዙዎች አይወዱኝም። ይሁን።

ይህን ጽሑፍ ከእናንተ በፊት ያነበበችው ማርታ ናት። እስከዚያ ቀን ድረስ አታውቅም ነበር። ቤቴ በር ላይ ተቀምጣ አነበበች፤ ስለ ጋራዡና ስለ ሦስቱ ሳምንታት የጻፍኩት ጋ ስትደርስ ቆመች፤ እንደገና ከላይ ጀመረች። እኔ የመኪና መብራት እየፈታሁ ካቻቢቴው ሁለት ጊዜ ከእጄ ወደቀ። ጨርሳ ወረቀቱን አጣጠፈችው። አላለቀሰችም፤ አላቀፈችኝምም።

"የእሱን ስም ጽፈሽዋል" አለችኝ። "ያንቺስ?"

ወርቅነሽ እባላለሁ። አይቼ ነበር።